የፋጡማ ልጅ

የባለቤቴ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ ወደ አንኮበር ለመሄድ ተነሥቼ ደብረ ብርሃን አደርኩ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ከጨው ተራ አለፍ ብሎ አንዲት ሴት ኦቾሎኒ ትቆላለች። ሽታው ሲደርሰኝ መራመድ አቃተኝ።

«ምነው እሜቴ፣ አመመዎት?» አለችኝ።

«የለም፤ ሽታው ነው።»

«ሽታው እንኳ ዋጋ የለውም፤ ቁጭ ብለው ያሽትቱ» ብላ የተቀመጠችበትን ድንጋይ ለቀቀችልኝ።

ተቀመጥኩ። ያን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ልጅ ሳለሁ፣ በአንኮበር ኦቾሎኒ የሚባል ነገር አይቶ የሚያውቅ ሰው ባልነበረበት ዘመን ነው። ፋጡማ የምትባል ሴት በልብሷ ጫፍ ቋጥራ ከምድር ዳርቻ ያመጣችውን እፍኝ ፍሬ በቤታችን ምድጃ ቆልታ አቅምሳኛለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ከፍጥረት ሁሉ አብልጬ የምፈራው እሷን ነበር።

ንጉሡ ገና ከአንኮበር አልተነሡም ነበር። ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ክፉ ቀንም አልመጣም። ቤታችን ከገደሉ አፋፍ ላይ ስለነበር፣ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ በጓሮ በኩል ይመጣል። መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ ጥዱን፣ ቀጥሎ በሩን ይሸፍናል። ያን ጊዜ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ሲያስል ይሰማል እንጂ አይታይም።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊት የሚያስነብበው እኔን ነው። እናቴ መውለድ አላቃታትም፤ የሚቆይላት ነው ያጣችው። ከእኔ በፊት አንድ፣ ከእኔ በኋላ ሁለት ወልዳ ሦስቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞቱባት። የመጀመሪያው ሞቶ እኔ ስቆይ ነው ትርፌ ያሉኝ። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ፍትሐት የለውምና በቤተ ክርስቲያን አጸድ አይቀበርም። ሦስቱም ከጓሯችን፣ ከጥዱ ሥር ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ራስጌ አባቴ አንድ አንድ ድንጋይ አቁሞ ነበር።

ሰዉ «ሾተላይ ነው» ይል ነበር። ሾተላይ የእናትን ልጆች እየተከታተለ የሚያጠፋ ነገር ነው፤ ደዌ ይሁን መንፈስ ማንም ለይቶ አልነገረኝም። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ «ሾተላይ በላባት» ስትል ስለምሰማ፣ እኔ ሴት መስላኝ ነበር። ረጅም ሴት፣ ጥቁር የለበሰች፣ ከቆላ በጉሙ ውስጥ የምትመጣ። በዚያ ክረምት እናቴ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች። ጉሙ መምጣት ሲጀምር ሮጬ በሩን እዘጋለሁ።

«ይህች ልጅ ብርድ አትችልም» ይላል አባቴ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ከዓሊዩ አምባ ገበያ ጥጥ ጭኖ ተመለሰ። በሩን ልዘጋ ስሄድ ከበቅሎዋ ኋላ አንዲት ሴት ከጉሙ ወጣች። ረጅም ናት። ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው ሰማያዊ ጨርቅ ለብሳለች። እኔን አየችና ሳቀች፤ ጥርሶቿ ትንንሾች ነበሩ።

መጣች፣ አልኩ በልቤ። አባቴ ራሱ አመጣት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፋጡማ ከባሏ ጋር መካ ደርሳ ስትመለስ መርከቡ ታጁራ ወደብ ላይ አወረዳቸው። ወደ አገራቸው የሚወስደው የሱዳን መንገድ በጦርነት ተዘግቷል። ባሏ አዋሽ ሳይሻገር በንዳድ ሞተ። እሷ ከነጋዴዎች ጋር ዓሊዩ አምባ ደርሳ፣ ጥጥ እየፈተለች፣ አማርኛችንን እየለቀመች ኖረች። ነገር ግን ወገን የሌላት ጥቁር ሴት ስለሆነች ባሪያ ፈንጋዮች ዓይናቸውን ጣሉባት። ለአባቴ ወዳጅ የሆነ አንድ ሽማግሌ ሐጂ «መሪጌታ፣ መንገድ እስኪከፈት ይህችን ሴት ደጋ ላይ ሸሽግልኝ፤ በፈትል የሚያህላት የለም» ብሎ ሰጠው።

ከማድቤቱ ጎን ባለችው ጎጆ አደረች። እሷ ሥጋችንን አትበላም፣ እኛም ሥጋዋን አንበላም፤ ሽሮውና ቂጣው ግን አንድ ነበር። አንቱታ አታውቅም፤ ለንጉሡም ቢሆን አንተ የምትል ነበረች። በመጣች በሳምንቷ ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ አባቴን ትክ ብላ አየችና፣

«አንተ መሪጌታ፣ ሰው ሲሞት ትዘምራለህ፣ ከዚያ ንፍሮ ትበላለህ። ንፍሮ ሌባ!» አለችው።

የአባቴ እጅ ከገበታው በላይ ቆመ። ያኔ እናቴ ሳቀች። ከመጨረሻው ሕፃን ወዲህ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ይህች ሴት ማን እንደሆንኩ አልተነገራትም?» አለ አባቴ።

ፋጡማ አስረዳችን። በአገሯ ሁለት ቤተ ዘመዶች እንዲሰዳደቡ ከጥንት ተፈቅዶላቸዋል። አንዱ ሌላውን ሩዝ ሌባ፣ ሆዳም፣ ባሪያዬ ይለዋል፤ የተቆጣ እሱ ይዋረዳል። የሚሰዳደቡ አይጣሉም፤ አንዱ ቢሞት የሚቀብረው ሌላው ነው። «ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ቤትና የእኔ ቤት እንደዚያ ነው» አለችው። አባቴ መብላቱን ቀጠለ። በነጋታው ጠዋት ግን ከማኅሌት ሲመለስ በጎጆዋ ደጅ ቆሞ፣ «እንዴት አደርሽ፣ የአዞ ጎረቤት?» ሲላት ሰማሁት።

የአዞ ጎረቤት ያላት አገሯ ወንዝ ስለሆነ ነው። «አገሬ ወንዝ ናት» ትላለች እንዝርቷን እያሾረች። «ወንዙ እባብ ነው፤ አገሩ ቆዳው ነው። ከዚህ ዳር ቆመሽ ብትጮኺ አገሩ እዚያ ያልቃል።» ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከካርታ ላይ ፈልጎ አሳይቶኛል፤ ጋምቢያ ይባላል። በጣቱ ጫፍ ሸፈነውና «ይኸው፣ የፋጡማሽ አገር ጠፋ» ብሎ ሳቀብኝ።

በበጋ፣ ትል ነበር፣ ባሕሩ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል፤ ጨዋማው ውኃ የብዙ ቀን መንገድ ወደ ላይ ይሄዳል። እኔ ይህን ሰምቼ ወንዛችን አይራራ ወደ ላይ መሄድ የጀመረ እንደሆነ ለማየት በየጠዋቱ ከአፋፉ ላይ አጎነብስ ነበር። ሴቶቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሩዝ ይተክላሉ፤ ወንዶቹ ከደረቁ መሬት ላይ ቲያ ይዘራሉ። ቲያ ያለችው ይህን ኦቾሎኒ ነው። በዘር ጊዜ ከሩቅ አገር እንግዳ ገበሬዎች ይመጣሉ፤ ለባለ መሬቱ ጥቂት ቀን ሠርተው በተረፈው ለራሳቸው ይዘራሉ፤ ምርቱን ሸጠው ይሄዳሉ። ወንዙ አፍ ላይ ፈረንጆች አሉ። መርከባቸው ባዶ መጥቶ ቲያ ሞልቶ ይመለሳል።

«ምን ያደርጉበታል?» አለ አባቴ።

«ዘይቱን ጨምቀው ሳሙና ይሠራሉ። በእኛ ቲያ ይታጠባሉ።»

«ለዚህ ነዋ እንዲያ የነጡት» አለች እናቴ።

ከሁሉ እኔን ያስፈራኝ የቲያው ጠባይ ነበር። አበባው እንደማንኛውም አበባ ከላይ ያብባል፣ አለችኝ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ ምድር ይወርድና ፍሬውን አፈር ውስጥ ይቀብራል። ፍሬው የሚያድገው ተቀብሮ ነው። ይህን ሰምቼ ከጥዱ ሥር ስላሉት ሦስቱ አሰብኩ። እያደጉ ይሆን? ከዚያ ወዲያ በጓሮ ሳልፍ እግሬን ጠንከር አድርጌ አልረግጥም ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ድምፁ ጀመረ። ጉሙ በገባበት ከሰዓት ሁሉ ከጥዱ በኩል ይመጣል። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ከበሮ አይደለም፤ ከበሮ አውቃለሁ። ከውኃ ውስጥ የሚመጣ፣ ጆሮን በእናት ሆድ ላይ ደግፎ እንደ መስማት ያለ ነበር። አንድ ቀን ዳዊቴን ታቅፌ በማድቤቱ ጥግ ተጠጋሁና አየሁ።

ፋጡማ ከሦስቱ ድንጋዮች ፊት ተቀምጣለች። የአባቴን አሮጌ ሱሪ በራሷ ላይ ጠምጥማለች። ገበቴ ውኃ አቅርባ ግማሽ ቅል ደፍታበታለች፤ ያንን ነው የምትመታው። በቋንቋዋ ትቆጣለች፣ ትስቃለች፣ ምላሷን ታወጣለች፣ ከዚያ ለውሻው ከወደቀው ቂጣ አንሥታ ትጎርሳለች። በየድንጋዩ አናት ላይ አንድ አንድ ጠጠር ተቀምጧል። ቅሉን ስትመታ ጠጠሮቹ ይንቀጠቀጡ ነበር።

እኔን ያየች አልመሰለኝም ነበር። ሳትዞር «ነይ፣ ትርፌ። ወንድሞችሽን ስደቢ» አለች።

ጮኼ ወደ እናቴ ሮጥኩ። «ሾተላይ ከጥዱ ሥር ናት! ፋጡማ ናት!»

እናቴ አልተቆጣችም፤ ፋጡማን ጠርታ ጠየቀቻት። ያን ቀን ነው ፋጡማ ቲያውን ከልብሷ ጫፍ ፈትታ የቆላችው። እኔ እናቴ ጉያ ተሸጉጬ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ሳለ፣ ሁሉን ነገረቻት። እሷም አምስት ቀብራለች። በአገሯ ልጅ የማይቆይላትን ሴት ሌሎች ሴቶች ወስደው ካኛሌን ያደርጓታል። ካኛሌን የሆነች ሴት ክብር የላትም። የወንድ ልብስ ትለብሳለች፣ ከመሬት ትበላለች፣ በገበያ መሐል ትጨፍራለች፣ ሰው ይስቅባታል። ሕፃኑን ደግሞ ትሰድበዋለች።

«ልጅሽን?» አለች እናቴ።

«እሜቴ፣ ሞት የሚመጣው ወደሚወደድ ነገር ነው። የሚወደድ ነገር ካላገኘ የት ይገባል? ሕፃኑም ሌባ ነው። ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል፤ ደግሞ ያው እሱ ይመጣል። ሲመለስ መለመን የለም። ‹ማን ፈለገህ?› ነው።»

የፋጡማ ስድስተኛው ግን ቆየላት። ወንዙ ዳር እየጠበቃት ነው፤ ትታው ስትወጣ ብብቷ ድረስ ይደርስ ነበር።

እትዬ ብርቄ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች። «ወንድሜ፣ ቤትህ መካከል ምን ሰው አስቀመጥክ? ቡዳ ይሁን ዛር የማይታወቅ! በሙታን ላይ ቅል ትመታለች! ሚስትህ አራስ ቤት ከመግባቷ በፊት ይህችን ሴት አውጣ!»

«እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ የለም» አለ አባቴ።

«ለሦስቱስ መጽሐፉ ምን አላቸው?» አለች እናቴ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከጥዱ ሥር አላቸው። ጠበል ጠጥቻለሁ። ክታብ አስሬያለሁ። ተስያለሁ። አልቅሼ አይቻለሁ፣ መሪጌታ። ስቄ አላየሁም። እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ።»

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ያን ቀን በጓሮ ሲያልፍ ከጥዱ ፊት ቆሞ አየሁት። ከአፉ ቃል አልወጣም፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ይጸልይ ይሁን ይሳደብ አላወቅሁም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ማለዳ ፋጡማ እናቴን በእጇ ይዛ ወደ ጥዱ ወሰደቻት። እኔም ተከተልኩ። በሁለት ድንጋዮች ላይ ጠጠሮቹ እንዳሉ ነበሩ። በመካከለኛው ላይ ጠጠር የለም። ሣሩ ውስጥ ፈለግን፤ የለም።

«አንዱ ተነሥቷል» አለች ፋጡማ ቀስ ብላ። «ያ ማን ነበር?»

እናቴ ጥዱን ያዘች። «ሁለተኛው። ከግራ ጆሮው ኋላ እንደ ስንዴ ፍሬ ያለች እባጭ ነበረችው።»

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ምጥ ያዛት። እትዬ ብርቄና የጎረቤት ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ጉሙ እስከ ደጁ መጥቶ ቆሟል። ፋጡማ ከሴቶቹ ኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግታ ነበር። ልጁ ሲወለድ ወንድ ነበር። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ፋጡማ እጇን ዘረጋች።

«እልልታ የለም! ማን ተወለደና?»

ሁሉም ወደ እናቴ ተመለከቱ። እናቴ ላቧ በፊቷ እየወረደ፣ «ምንም አልተወለደም» አለች።

ፋጡማ ሕፃኑን በአሮጌ ጆንያ ጠቀለለችና ወጣች። ከማድቤቱ ኋላ፣ ከጥዱ አጠገብ፣ የአመድ ክምራችን ነበር። ጉሙ ዋጣት። «በሩን ዝጉ። ማንም እንዳያይ» ብላ ነበር።

«ጅብ አለ እኮ!» አለች እትዬ ብርቄ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ሕፃኑ ያለቅሳል። ያን ያህል ቀጭን ድምፅ ግድግዳ እንዴት እንደሚያልፍ እስካሁን ይገርመኛል። እኔ በጭቃው ስንጥቅ ዓይኔን አስጠግቼ ነበር፤ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። ለሾተላይ ሰጠነው፣ አልኩ። በእጃችን ጠቅልለን ሰጠናት።

ከዚያ ለቅሶው ቆመ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ። ትንሽ፣ ፈጣን፣ እርጥብ ሣር ላይ የሚሮጥ የልጅ እግር ይመስል ነበር። በግድግዳው ሥር አለፈ፣ በበሩ አለፈ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። የሆነ ነገር ፈልጎ እንዳጣ። ቤታችን ከእኔ በቀር ልጅ አልነበረም። እትዬ ብርቄም ሰምታለች መሰል፣ እጇ ትከሻዬ ላይ ጠነከረ።

በሩ ተንኳኳ።

«ማን ነው?» አለች እናቴ።

«መንገደኛ ነኝ፣ ስለ አላህ!» የፋጡማ ድምፅ ነበር፤ እንደ ለማኝ አድርጋዋለች። «ከአመድ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። የአንቺ ነው?»

እናቴ ዓይኗን ገልጣ በሩን አየች።

«የአንቺ ነው ወይ?»

እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብላ «በይ፣ እህቴ። በይ እንጂ» አለቻት።

«የእኔ አይደለም።»

«ውሻ ይብላው?»

የእናቴ ከንፈር ደም ነበረው። «ይብላው።»

«እንዲያው አሳድጊልኝ። አስቀያሚ ነው፣ ራሱ ቅል ነው። እኔ ወተት የለኝም።»

«ለምን ይሆነኛል?»

«ሲያድግ እንጨት ይለቅምልሻል።»

«እስቲ አምጪው» አለች እናቴ፣ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ እንደሚቀበል።

ፋጡማ ገባች፤ እስከ ጉልበቷ አመድ ነበረች። ሕፃኑ ፊቱ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። አመዱ በዚያው ቀን ከምድጃ የወጣ ስለነበር ሙቀት ነበረው፤ ለዚያ ነው ዝም ያለው። እናቴ ጡቷን ሰጠችው። ሴቶቹ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ከግራ ጆሮው ኋላ በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። ምን እንዳየች እስከ ዕለተ ሞቷ አልነገረችንም።

ጉድፌ አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ልጄ አላለችውም። እኔ አንድ ጊዜ «ወንድሜ» ብዬ ስጠራው አፌን በመዳፏ ከደነችው። «የሰው ልጅ ነው፤ የፋጡማ ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ከእኔ ሌላ ለሚሰማ።

በአርባ ቀኑ እትዬ ብርቄ አቅፋ ክርስትና ወሰደችው። ቄሱ የአባቴ ወዳጅ ነበሩና፣ «እናቱስ ደህና ናት?» ቢሏት፣ «እኔ ምን አውቄ፣ አባቴ? ከአመድ ላይ ነው ያገኘነው» አለቻቸው። ቄሱ ወደ አባቴ ተመለከቱ። አባቴ ጣሪያውን ያይ ነበር።

መስከረም አልቆ ጉሙ ሲሳሳ፣ ሐጂው በወለጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ነጋዴዎች መኖራቸውን ልኮ አሳወቃት። ፋጡማ እንዝርቷን ጠቀለለች። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ከጎጆዋ ደጅ ቆመች።

«ፋጡማ፣ ስጪኝና ሂጂ» አለቻት። «በቃል ብቻ። ሰጠሁሽ በይኝ።»

«አልሰጥሽም።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«ከሰጠሁሽ የአንቺ ይሆናል። የአንቺ ከሆነ ይሰማል።»

«ማን ነው የሚሰማው?» አልኩ እኔ።

ፋጡማ ወደ ጥዱ አላየችም፤ እኔም አላየሁም። «አደራ ነው» አለች እናቴን። «ስመለስ ተቀብዬሽ እወስደዋለሁ። እስከዚያ የእኔ ነው።»

ወደ ራሷ ልጅ ሄደች። ትድረስ አትድረስ አልሰማንም። ከዚያ በኋላ በራችን በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ትደነግጥ ነበር። ሾተላይን ትፍራ ወይም ፋጡማን፣ ለይታ የምታውቅ አይመስለኝም። ምንጭ ላይ «ልጅሽ ነው?» የሚላት ሲመጣ «ኧረ የሰው ነው፣ አደራ አለብኝ» ትላለች። ጉድፌም አፍ ሲፈታ እንደ እንግዳ ልጅ «እትዬ» ብሎ ጠራት። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እትዬ አላት፤ እሷም አቤት አለችው።

እናቴን የቀበርን ዕለት ሁሉ ሰው ከተመለሰ በኋላ ጉድፌ ከመቃብሩ አፋፍ አልነሣ አለ። እጁን ይዤ ልጎትተው ስል፣ ሽበቱ በነፋስ እየተነሣ፣ «እማዬ» አላት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሹክሹክታ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ከኋላው አየ።